የማይሞቅ ክፍል

የሰደበኝ ኖርበርት ነው፤ የእህቴ ባል። ቀኑ ሴፕቴምበር 14፣ 2013፣ ቅዳሜ ነበር፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት አልፎ፣ በወንድ ልጃቸው በሮማን ሠርግ ላይ፣ ሾርባው ተነሥቶ ጥቅል ሥጋው ከቀይ ጎመኑ ጋር ሊቀርብ ሲል። ከሙሽራዋ ወገን የመጡት ባለ ክራቫቶች ተራ በተራ እየተጨባበጡ ሲተዋወቁ ኖርበርት እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገና፣ «ይኼ ደግሞ አሎይዝ ይባላል፤ የቤታችን ምድጃ ነው» አላቸው። ጠረጴዛው ሙሉ ሳቀ። እህቴ ሩታም ሳቀች፤ አፏን በናፕኪን ሸፈን አድርጋ፣ ግን ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የእነሱ ሳይሆን የእኔው ሳቅ ነው። ከሠርጉ በፊት፣ እንደ አገሩ ልማድ፣ የሠርጉን ኬክ በየጎረቤቱ ደጃፍ ተሸክሜ ያዳረስሁ እኔ ነበርሁ። ለሙሽሮቹ «ለአንድ ክረምት ብቻ» ተብዬ ፎቅ ላይ ያለውን ክፍሌን የለቀቅሁና ከቤቱ ጀርባ ወደተቀጠለችው ሰርቪስ የወረድሁም እኔ ነበርሁ። ያ አንድ ክረምት አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ሙሽሮቹ በሁለተኛው ዓመት ጀርመን አገር ገቡ፤ ክፍሌ የኖርበርት መጻሕፍት መደርደሪያ ሆነ። መቼ ልመለስ ብዬ አልጠየቅሁም፤ ማንም ተመለስ አላለኝም።

ይህን ያነሣሁት ባለፈው ኖቬምበር፣ ማክሰኞ ቀን ለሆነው ነገር ነው። ነገሩ የጀመረው ምድር ቤት ነው። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንደ ልማዴ ወርጄ አመዱን አወጣሁ። እዚህ በከሰል ማውጫ ከተማችን በሪብኒክ ከሰል የሚያነድ ሁሉ ምድጃ ማንደድ የሚያውቅ ይመስለዋል። እሳቱን ከታች ይለኩሱና ከሰሉን ከላይ ይደፉበታል፤ ከዚያ ጭሱ ሰፈሩን ሲያፍነው መንግሥትን ይረግማሉ። እኔ ግን ከሰሉን አስቀድሜ እሞላና ፍልጡን ከላይ አድርጌ እለኩሰዋለሁ፤ እሳቱ እንደ ሻማ ወደ ታች እየበላ ይወርዳል፣ ጭሱም በራሱ ነበልባል ውስጥ ይቃጠላል። በአንድ ልኮሳ ሰባት ስምንት ሰዓት ይሄዳል፤ መሃል ላይ ግን መነካካት የለበትም። ሲያልቅ እንደገና ከላይ ነው። የትምህርት ቤት ምድጃ ሠላሳ አንድ ዓመት ያነደድሁ ሰው ነኝ። ባለፈው ዓመት የከተማው ደንብ አስከባሪዎች ያችን የምትበር ካሜራቸውን በጭስ ማውጫችን ላይ ሲያዞሩ ቆይተው ምንም አጥተው ሄዱ። ኖርበርት በረንዳ ላይ ቆሞ፣ «ዕድለኞች ነን» አለ። ዕድለኞች!

ለኩሼ ክዳኑን ስዘጋ ከላይ ወሬ ሰማሁ። ከምድጃው የሚነሣው ወፍራም ቱቦ በወጥ ቤታቸው ስለሚያልፍ ድምፅ ያወርዳል፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ቆሜ ያልሰማሁት የለም፤ የሰማሁትን ደግሞ ለማንም አላወራም። «እሱ እንደሆነ አያነበውም» አለ ኖርበርት። «ጣቴን ያሳረፍሁበት ላይ ይፈርማል።»

«ቢጠይቅስ?» አለች ሩታ።

«ምን ብሎ?»

ከዚያ ሳሏ መጣ። የሩታ ሳል ረጅም ነው፤ እንደ ቆሻሻ ልብስ እየታጠበ፣ እየተጨመቀ ነው የሚወጣው። እኔ አካፋውን ይዤ ባለሁበት ቀረሁ። ምን ብዬ ነው የምጠይቀው? ከዚያ ሰዓት ጀምሮ መቀመጥ አልቻልሁም። ሁለት ጊዜ ደረጃውን ወጣሁ፣ ሁለት ጊዜ ወረድሁ፤ የተዘጋውን የእሳት በር እንደገና ዘጋሁት።

ነገሩን በአጭሩ ላስረዳ። በዓመቱ መጨረሻ የእኛ ዓይነት ምድጃ ይከለከላል፤ የተገኘበት ይቀጣል። በምትኩ መንግሥት የሙቀት ፓምፕ ለሚያስገቡ የቤት ባለቤቶች ድጎማ ይሰጣል። ግቢ ውስጥ የሚቆም፣ ማራገቢያ ያለው ትልቅ ሣጥን ነው፤ ከውጭው አየር ሙቀት እየሳበ በኤሌክትሪክ ቤት ያስገባል። በብርድ አየር ውስጥ ምን ሙቀት አለ ብዬ ብዙ ተከራክሬ ነበር፤ አለ አሉ። ዋጋው ደግሞ መኪና ይገዛል። ድጎማው ለሁሉም እኩል አይደለም፦ ገቢው ላነሰ ይበዛል፣ ገቢው ለበዛ ያንሳል። ኖርበርት የትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህር ሆኖ ነው ጡረታ የወጣው፤ ሩታም መምህርት ነበረች። በእነሱ ስም ቢጠየቅ የሚገኘው ከወጪው ግማሽ አይሞላም። በእኔ ስም ቢጠየቅ ግን ሁሉም ለማለት ጥቂት ነው የሚቀረው። የቤቱ ውርስ ወረቀት ላይ ግማሹ የሩታ፣ ግማሹ የእኔ ነው፤ አባታችን እንዲያ ነው ያደረገው። ሚስት የለኝ፣ ልጅ የለኝ፣ ጡረታዬ የታወቀ ነው። እንግዲህ ድህነቴ ዋጋ አወጣ። ስድሳ ሰባት ዓመት ሲያሳፍራቸው የኖረው ነገር አሁን እንደ ሎተሪ ቲኬት ተፈለገ።

እፈርማለሁ ብዬ ነበር፤ ልዋሽ አልፈልግም። ለኖርበርት አይደለም። ባለፈው ክረምት ሐኪሙ ለሩታ፣ «ሌላ እንዲህ ያለ ክረምት ባይገጥምዎ ደስ ይለኛል» ብሏት ነበር። እሷ ልብስ ውጭ አታሰጣም፣ መስኮት በየሳምንቱ ታጥባለች፣ የሚወርደው ጥቀርሻ ግን የእኛ ብቻ ሳይሆን የመላው ሰፈር ነው። ገና ስትነግረኝ እሺ አልኋት። ምድጃው ሲነሣ እኔ በዚያ ቤት ውስጥ ለምን እንደምፈለግ አስቤ አስቤ ስለደከመኝ ነገሩን ተውሁት።

ሁለት ሰዓት ላይ ሩታ ሸሚዜን ተኩሳ ይዛልኝ መጣች። ወደ ሰርቪሷ ብዙም አትመጣም። በሩ ላይ ቆማ አልጋዬን፣ ራዲዮዬን፣ በመስኮቱ ሥር ያለውን ራዲያተር እያየች ዓይኗ ተንከራተተ። ራዲያተሩን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ትምህርት ቤቱ ሲታደስ ከተጣለው ዕቃ ለቅሜ፣ ከምድር ቤቱ ቱቦ ቀጥዬ፣ ግድግዳውን በእጄ በስቼ። እጇን ራዲያተሩ ላይ አሳረፈች።

«ይሞቃል» አለች።

«ለምን አይሞቅም?»

የሸሚዙን አንገት አቃናችልኝና ሄደች። እኔ የሙት ዓመቷ ደርሶ እናታችንን አስታውሳ ይሆናል አልሁ፤ እንደዚህ የዋህ ነኝ።

መኪናው ውስጥ ኖርበርት የኋላውን ወንበር ላስቲክ አልብሶልኛል። ንጹሕ ሱሪ ነው የለበስሁት፤ ገላዬን ታጥቤአለሁ፤ ግን ላስቲኩ ተነጥፏል፤ በተንቀሳቀስሁ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ከደጃፋችን ሳንወጣ ጎረቤታችን ወይዘሮ ገርትሩዳ በመስኮት ብቅ አሉ። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ መስኮቱ ላይ ትራስ አስደግፈው፣ ክርናቸውን ትራሱ ላይ ጥለው መንገዱን ሲጠብቁ ይውላሉ።

«አንተ ሎይዝ! ክራቫት አስረህ? ልታገባ ነው እንዴ?»

«ለፓምፑ ነው፣ እማማ።»

«እንዲያውም ከሚስት ይሻላል፤ ኩርፊያ አያውቅም! ግን የጎረቤታችንን የነኤርቪንን ፓምፕ ሰምተኸዋል? ሌሊቱን ሙሉ እንደ ሰካራም ሲያጉረመርም ያድራል።» ከዚያ ወደ ኖርበርት ዞረው፣ «አንተ ምክትል! ይኼን ሰውዬ ሽጠኸው እንዳትመጣ» አሉት።

ኖርበርት ፈገግ ብሎ መስኮቱን ዘጋ። «ይቺ አሮጊት» አለ። እስከ ከተማው አስተዳደር ድረስ የተናገረው የመኪናው መስታወት መጥረጊያ ብቻ ነበር፤ ዝናብና በረዶ የተቀላቀለበት ነገር ይጥል ነበር። ስለ ከሰል ዋጋ ማውራት ፈልጌ ነበር፤ ባለፈው ዓመት ስንት እንደነበር፣ ዘንድሮ ስንት እንደሆነ። ማንን ይመለከታል ብዬ ተውሁት።

መጀመሪያ የሄድነው ገቢዬ ዝቅተኛ መሆኑን የሚመሰክረውን ወረቀት ወደሚሰጡበት መስኮት ነው። መታወቂያዬን ሰጠሁ፣ የጡረታ ወረቀቴን ሰጠሁ፤ ሴትዮዋ ኮምፒውተሯን አይታ ለብቻዬ የምኖር መሆኔን ጠየቀችኝና ማኅተም መታች። በሕይወቴ ያገኘሁት ሁለተኛ ሰርተፍኬት ነው፤ የመጀመሪያው የምድጃ ሠራተኛነት ፈቃዴ ነበር። ኖርበርት ከእጄ ተቀብሎ በላስቲክ ማኅደር ውስጥ በጥንቃቄ አስገባው፤ ለልጁ ዲፕሎማ እንኳ እንዲያ ሲጠነቀቅ አላየሁትም። «በል እንኳን ደስ ያለህ» አለኝ፤ «ድህነትህ ጸደቀ።» አጠገባችን የተሰለፈ ሰው ሳቀ። በዚህ ጊዜ እኔ አልሳቅሁም።

ከዚያ ፎቅ ወጥተን ቁጥር ወሰድን። አርባ ሰባት። የተጠራው ሠላሳ አንድ ነበር። ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል፤ ድጎማው ሊቆም ነው የሚል ወሬ ስለተነዛ ከተማው ሁሉ በአንድ ቀን የመጣ ይመስላል። ሁሉም ጭኑ ላይ ማኅደር ይዟል፤ ሰው ለሰው የመስኮት ዋጋ፣ ብርድ የሚከላከል የግድግዳ ማልበሻ ዋጋ፣ ቅድሚያ ክፍያ ተቀብሎ ስለጠፋ ሠራተኛ ያወራል። ተቀመጥሁ፣ ተነሣሁ። ወደ መጸዳጃ ቤት ሄጄ ሽንቴ ሳይመጣ ተመለስሁ። ግድግዳው ላይ ያለውን ራዲያተር ዳሰስሁት፤ ከላይ ፍል ነው፣ ከታች ቀዝቃዛ፤ ውስጡ አየር ይዟል ማለት ነው፤ ማንም አላስተነፈሰውም። ኪሴ ውስጥ ያለችውን ትንሿን ቁልፍ አውጥቼ ላስተነፍሰው ስል ኖርበርት፣ «ሎይዝ! እባክህ ተቀመጥ፤ ሰው እያየን ነው» አለኝ። ተቀመጥሁ። «ምን ብሎ?» የሚለው ነገር በጆሮዬ ይዞራል። ሩታ የቦርሳዋን መቆለፊያ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ቀጭ። ቀጭ። አንድ ጊዜ የምትነግረኝ ነገር ያለ ይመስል ወደ እኔ ዘንበል አለችና፣ «ቁርስ በልተሃል?» አለችኝ። በልቻለሁ አልኋት።

አርባ ሰባት ሲጠራ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። የተቀበለችን ወጣት ሴት ናት፤ ደረቷ ላይ ያለው ካርድ ኪንጋ ይላል። ሌላውን ሕዝብ የምታሞቅ ልጅ ራሷ አንገቷን በሻርፕ ጠምጥማ፣ ከጠረጴዛዋ ሥር ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሰክታለች። ለሦስታችን ሁለት ወንበር ነው ያለው፤ ኖርበርት ከኋላዬ ቆመ፤ እጁን በትከሻዬ አሳልፎ ገጹን ይገልጣል፣ ጣቱን ያሳርፋል፤ እኔ እፈርማለሁ።

«ቀስ ይበሉ፣ አቶ አሎይዝ» አለች ኪንጋ። «አመልካቹ እርስዎ ነዎት። ያነበቡትን ብቻ ነው የሚፈርሙት፤ በኋላ መርማሪ ቤቱ ድረስ መጥቶ ያያል።»

«እኔ አንብቤለታለሁ» አለ ኖርበርት።

«እሳቸው ያንብቡት።»

እንዲህ ተብዬ አላውቅም። መነጽሬን አወጣሁ። ማንበብ እችላለሁ፤ ቀስ ብዬ ነው እንጂ። ረጃጅሙ ቃል ያደክመኛል፤ ከማመልከቻው ጋር የተያያዘው የመሐንዲስ ሪፖርት ደግሞ ረጃጅም ቃል ብቻ ነው። በሦስተኛው ገጽ ላብ ላብ አለኝ። ኖርበርት ከኋላዬ በአፍንጫው ይተነፍሳል። ከሪፖርቱ መጨረሻ ግን የቤቱ ፕላን ነበር፤ የምድር ቤቱ፣ የመጀመሪያው ወለል፣ የፎቁ፤ ቱቦዎቹ በቀይና በሰማያዊ መስመር ተሠምረዋል። ያን ጊዜ ላቤ ደረቀ።

ኖርበርት የተሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ትምህርት ቤት ሕንፃ ውስጥ አብረን ሠርተን እሱ ከላይ እኔ ከታች ስለነበርን አላወቀም፤ ለእኔ ፊደል ያስቸግረኛል እንጂ የቱቦ ፕላን እንደ ጸሎት በቃሌ ነው። ቀዩን መስመር በጣቴ ተከተልሁት። ከአዲሱ ማሽን ተነሣ፣ በወጥ ቤት አለፈ፣ ወደ ሳሎን ሄደ፣ ፎቅ ወጣ፤ ኖርበርት መጻሕፍት ወደ ደረደረበት ወደ ድሮው ክፍሌ ገባ። እሰይ። ከዚያ ወደ ቤቱ ጀርባ፣ እኔ ራሴ ወደቀጠልሁት መስመር መጣሁ። ግድግዳው ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ጭረት አለች። የጭረቷን ትርጉም ሥራው የገባው ሁሉ ያውቃል፦ ተቆርጦ የተደፈነ። ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ሰርቪስ ባዶ ሣጥን ናት፤ አልጋ የላት፣ ራዲያተር የላት፤ በሰያፍ መስመር ጠቁራለች። ከላይዋ ሁለት አጫጭር መስመር ተጽፏል። ቀስ ብዬ አነበብሁት፤ ጮክ ብዬ ያነበብሁት አልመሰለኝም ነበር፣ ግን ጮክ ብዬ ነው፦ «ዕቃ ቤት። የማይሞቅ ክፍል።»

ኪንጋ አንገቷን አሰገገች። «ምንድን ነው እሱ?»

«ዕቃ ቤት ነው» አለ ኖርበርት። «አካፋ፣ የድሮ ብስክሌት... እንዲያው ኮተት።»

«አይ፣ እሳቸው እዚያ ላይ ቆሙ እኮ፤ ለዚያ ነው።»

ኖርበርት ጎንበስ ብሎ በጆሮዬ አንሾካሾከ፤ የጢም መላጫ ቅባቱ ሸተተኝ። «ሞኝ አትሁን። እሷን ካስገባን ግድግዳዋንም ጣሪያዋንም ማልበስ ሊኖርብን ነው፤ ማሽኑም አንድ ደረጃ ያድጋል፤ ስሌቱ ይበላሻል። በኋላ እንዲህ ያለች ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እገዛልሃለሁ።» በዓይኑ ከጠረጴዛው ሥር ያለችውን ማሞቂያ አሳየኝ።

ጠዋት «ምን ብሎ?» የተባለው ገባኝ። ሩታ ራዲያተሬ ላይ እጇን ለምን እንዳሳረፈችም ገባኝ። ወረቀቱ ላይ ቤቱን የማሞቀው እኔ ነኝ፤ ባለቤቱ እኔ፣ ድሃው እኔ፣ ብርድ የሚፈራው እኔ። ያው ወረቀት ውስጥ የምተኛበት ቦታ የብስክሌት ማቆሚያ ነው። በዚያ ሠርግ ምድጃ ነበርሁ። ምድጃ እንኳ ይሻል ነበር፤ ምድጃ ያለበት ቦታ ይሞቃል።

ኪንጋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሞኝ ልጅ አይደለችም። «አቶ አሎይዝ» አለች፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ከእነዚህ ክፍሎች እርስዎ የሚኖሩት በየትኛው ነው? ቃልዎ ይበቃኛል፤ እጽፈዋለሁ።»

«ፎቅ ላይ ነው» አለ ኖርበርት።

«እርስዎን አልጠየቅሁም፣ ጌታዬ።»

ፎቅ ላይ ብል ያልቃል። አንድ ቃል ነው። ሩታ በሚቀጥለው ክረምት ጥቀርሻ አትተነፍስም፤ እኔም ሰርቪሷ ውስጥ ካፖርት ደርቤ እተኛለሁ፤ ከዚያ የባሰ ያለፈ ሰው ነኝ። ሰርቪሷ ውስጥ ብል ደግሞ ያልቃል፤ ወረቀቱ ይመለሳል፣ ወሬው እውነት ከሆነ ድጎማው ይዘጋል። እህቴን አየኋት። አንድ ነገር ብትል፤ «አላወቅሁም ነበር» ብትል፣ ውሸት እንኳ ቢሆን፣ እፈርም ነበር። ዛሬም እምላለሁ፣ እፈርም ነበር። እሷ የቦርሳዋን መቆለፊያ እያየች ነበር። ቀጭ። ቀና ሳትል፣ ከልጅነታችን ወዲህ ተጠርቼበት በማላውቀው ስም ጠራችኝ።

«ሎይዚክ... ለእኔ ስትል።»

ለእሷ ስል! ምድር ቤት የወረድሁት ለማን ስል ነበር? ክፍሌን የለቀቅሁት ለማን ስል ነበር? ግን አልተናገርሁም፤ በሻርፕ በተጠቀለለች የሰው ልጅ ፊት የቤት ገመና ዘርግፌ አላውቅም። መነጽሬን አውልቄ መያዣው ውስጥ ከተትሁ። እስክሪብቶውን ፕላኑ ላይ፣ በሰያፍ በጠቆረችው ሣጥን ላይ፣ አስቀመጥሁት። ከዚያ የኖርበርትን ማኅደር ሳብ አድርጌ ሰርተፍኬቴን ከላስቲኩ አወጣሁ፤ አራት ላይ አጥፌ ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትሁት። የእኔ ነው፤ ስሜ አለበት።

«ምን እያረግህ ነው?» አለ ኖርበርት። «አሎይዝ! ቀልዱን ተው፤ ሰው ወረፋ እየጠበቀ ነው።»

ቆቤን አንሥቼ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰው እግሩን እየሰበሰበ መንገድ ሰጠኝ፤ አንዷ ሴት፣ «ጨረሱ፣ አባቴ? ከባድ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። በሩ ከኋላዬ ተከፈተ። የኖርበርትን ጫማ አውቀዋለሁ፤ ትምህርት ቤት ኮሪደር ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ከታች ሆኜ ስሰማው የነበረ ጫማ ነው፤ ሦስት እርምጃ መጣና ቆመ። ቀጥሎ የሩታ ተረከዝ መጣ። ልቤ፣ ልዋሽ አልችልም፣ እሷን ጠበቀ። አንድ ቃል። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ስድስት ተኩል ይላል። እሳቱ ገና ወደ ታች እየበላ ነው፤ ስምንት ሰዓት ላይ ያልቃል፤ ያን ጊዜ አመዱ ወጥቶ፣ ከሰሉ ተሞልቶ፣ እንደገና ከላይ ካልተለኮሰ ቤቱ እስከ ማታ ይበርዳል። በዚያ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚለኮስ የጠየቀኝ ሰው የለም።

«ሎይዝ!» አለች ሩታ ከኋላዬ፤ ሳሉ ድምፅዋን ሰበረው። «ሎይዝ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ታዲያ ምድጃውን ማን ሊለኩሰው ነው?»

ደረጃውን መውረድ ጀመርሁ።